ኮክቴል ድራም፦ አተካከሉና አጨዋወቱ

ኮክቴል ድራም የባስ (ወፍራሙ)፣ የቶም (መካከለኛው) እና የስኔር (ሽቦ ተወጥሮበት የሚንጫጫው) ከበሮ ድምፅን በአንድ ቁም በርሜል የሚሰጥ፣ ድራመሩ ቆሞ የሚመታው መሣሪያ ነው። በፈረንጆቹ 1940ዎቹና 50ዎቹ በአሜሪካ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ጠባብ መድረክ ላይ ለሚጫወቱ ትንንሽ ባንዶች ይመች ነበር፤ ግሬችና ሉድዊግ ከሠሩት ፋብሪካዎች መካከል ናቸው። እንደ እኛ ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ግን የላዩ በእጅ፣ የታቹ ወደ ላይ በሚመታ ፔዳል ይጮኻል። በርሜሉ ብዙ ጊዜ ከ14 እስከ 16 ኢንች ስፋትና 24 ኢንች ገደማ ቁመት አለው።

ቅኝት ከታች ይጀምራል። በርሜሉን ብርድ ልብስ ላይ ገልብጦ ብሎኖቹን በጣት እኩል ማጥበቅ፣ ከዚያ ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቁ ግማሽ ግማሽ ዙር በቁልፍ መጨመር ነው። የቆዳው ሽብሽብ እንደጠፋ ሩብ ዙር ጨምሮ ማቆም ይበቃል፤ ፊቱ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ቢወጠር እንኳ የባስነት ወዙ ይጠፋል። የላዩ ፊት ከታቹ ከፍ ብሎ ይቃኛል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ባሱ በተመታ ቁጥር የስኔሩ ሽቦ ይንጫጫል፤ በውስጥ ያለው አየር አንድ ነውና። ይህን ለመከላከል በአንዳንድ ሞዴሎች ውስጥ ክፍልፋይ ይገባል።

ሦስቱ እግሮች የላዩን ፊት ወገብ ላይ እስኪያደርሱ ይረዝማሉ፤ ከሥር ግን የታቹን ፊት ለሚመታው የፔዳሉ መዶሻ መፈናፈኛ መቅረት አለበት። ምቱ ወደ ላይ ስለሚገፋ ቀላል በርሜል ይዘላል፣ ይንሸራተታል። የእግሮቹን ያለቀ ጎማ መቀየርና ምንጣፍ ማንጠፍ ዋናው መድኃኒት ነው። መዶሻው ከመሐል ከወጣ ድምፁ ይቀጥናል።

በአሮጌ መሣሪያ ላይ የጥጃ ቆዳ ካለ፣ በእርጥበት ይላላል፣ በድርቀት ይወጠራል። እርጥብ ክፍል ውስጥ ያጠበቁትን ሳያላሉ ደረቅ ቤት ማሳደር ቆዳውን ያስቀድዳል። አንዳንድ አሮጌ በርሜሎች ከዛሬው የፕላስቲክ ቆዳ ልክ በጥቂቱ ይሰፋሉ፤ ቆዳው ተጣብቆ አልቃኝ ካለ የሌላ ፋብሪካ ቆዳ መሞከር እንጂ እንጨቱን መሞረድ አይገባም፤ የተሞረደ አይመለስምና።

ሲጫወቱ ክብደት በግራ እግር ላይ ያርፋል፤ የቀኙ ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ተኝቶ ጣት ብቻ ይሠራል። ተረከዝ ሲነሳ ሚዛን ይዛባል፣ ወገብም ቶሎ ይደክማል። ግራ እግር ነፃ ስላልሆነ የሃይ ሃት (በእግር የሚጋጩ ጥንድ ሲምባሎች፣ ማለትም የብረት ሳህኖች) ሥራ ወደ እጅ ይዞራል፦ ግራው በብራሽ (በሽቦ መጥረጊያ) የላዩን ፊት ክብ እየጠረገ 2ኛውንና 4ኛውን ምት ይጫናል፤ ቀኙ በመሣሪያው ዘንግ ላይ የተሰቀለውን ሲምባል ይመታል። በዱላ በኃይል ሲመታ የላዩ ፊት ባሱን ይውጠዋል።