«ችግሩ ስልኬ ነው»፦ ፎቶ ስንለጥፍ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የአክስቴ ልጅ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ብዙዎቹ ደንበኞቿ ውጭ አገር ናቸው፤ ዱባይ አሉ፣ ዋሽንግተን አሉ። ልብሱን የሚያዩት በኢንስታግራምና በቴሌግራም ብቻ ነው። ባለፈው አንዷ ደንበኛ «ፎቶው ላይ ያየሁት ጥለትና የመጣልኝ ጥለት አይገናኙም» ብላ ወቀሰቻት። እሷም ጥፋቱን በስልኳ አላክካ፣ አዲስ ልትገዛ ስታሰላ ደረስኩ።

ስልኳን ተቀብዬ መጀመሪያ ያነሳችውን ፎቶ ከፈትኩት። የጥለቱ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። ስልኩ ምን አጠፋ? ጥፋቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እስኪ ስናወራ ያነሳቻቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልያቸው።

«በትልቁ ከጫንኩት ጥራቱ አይነካም»

ይሄን ያልሰማሁበት ቀን የለም። ስልኳ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ትንንሽ የቀለም ነጥቦች) ነው፤ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን። ኢንስታግራም ደግሞ ስፋቱ ከ1080 ፒክስል የበለጠውን ፎቶ ወደ 1080 ያወርደዋል። ስለዚህ የሷ ፎቶ 1080 በ810 ይሆናል ማለት ነው። አስሉት፤ ወደ 875 ሺህ ፒክስል ነው። ከ14ቱ አንዱ ቢቀር ነው። ሌላውን አሥራ ሦስት እጅ አንቺ በካርድሽ ከፍለሽ ልከሻል፣ እነሱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ጥለውታል።

መቀነሱ ካልቀረ ራስሽ ቀንሺው። ስፋቱን 1080 አድርጊው። ቁመቱ 1350 ከሆነ ደግሞ ቀሚሱ በቁሙ ይታያል፣ የተመልካቹንም ስልክ ይሞላል። ካሳነስሽው በኋላ በደንብ እዪው። ትንሽ ከፈዘዘ የማጥሪያውን (ሻርፕን የሚለውን) ቁልፍ ነካ አድርጊ፣ ነካ ብቻ። መተግበሪያው እንደገና መጭመቁ፣ ማለትም ፋይሉን ማሳነሱ፣ አይቀርም፤ ቢያንስ ግን ምን እንደሚጨምቅ አውቀሽ ሰጠሽው።

«ነጭ ልብስ በፎቶ አይወጣም»

ይወጣል፣ ግን ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ነጭ ሸማ አይወድም። ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል እየቆረጠ ትንንሽ ካሬ ያደርገውና፣ ከያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ረቂቅ ነገር ይጥላል። የሸማ ውበቱ ደግሞ ያ ረቂቁ ነው! ክሩ ከክሩ ጋር በብርሃን እምብዛም አይለያይም፤ ለማሽኑ ሁሉም አንድ ነጭ ነው። ለዚህ ነው ነጠላው የአታሚ ወረቀት መስሎ የሚወጣው።

መላው ቀላል ነው። ፍላሹን አጥፊና ልብሱን መስኮት አጠገብ ስቀዪው። ብርሃኑ ከጎን ሲመታው እያንዳንዱ ክር ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ ማሽኑም የሚይዘው ነገር ያገኛል። ሁለተኛ ፎቶ ደግሞ ወደ ጥለቱ ጠጋ ብለሽ አንሺ። ገዢ የምትፈልገው እሱን ነው።

«ፋይሉ ካነሰ ጥራቱ ወርዷል ማለት ነው»

የግድ አይደለም። አንዱን ፎቶ በ100 ጥራትና በ85 ጥራት አስቀምጣችሁ ጎን ለጎን እዩት። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ዓይናችሁ ግን ልዩነቱን ለማግኘት ይቸገራል። ባዶ ግድግዳ ያለበት ፎቶም በቅጠል ከተሞላው ዛፍ ያነሰ ፋይል ነው፣ ጥራቱ አንድ ሆኖ ሳለ።

«300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚታተም የነጥብ ብዛት) ካልሆነ» የሚሉም አሉ። ያ ለማተሚያ ቤት ነው። ስልክ ላይ 72 ተባለ 300 ተባለ፣ የፒክስሉ ቁጥር እኩል ከሆነ ፎቶው ያው ነው።

«ፒኤንጂ ሁልጊዜ ይሻላል»

ፒኤንጂ ምንም ሳይጥል የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው፤ ለቀሚሱ ፎቶ ግን አይሻልም። ፋይሉ ብዙ ሜጋባይት ይሆናል፣ መተግበሪያውም ሲደርሰው ጄፔግ ሊያደርገው ይችላል። ጽሑፍ ላለበት ማስታወቂያ ግን ፒኤንጂ ልክ ነው። በተለይ ለኛ ፊደል።

ለምን? ጄፔግ ብዙውን ጊዜ የብርሃኑን ልዩነት ከቀለሙ በተሻለ ይይዝና የቀለሙን ዝርዝር አብዛኛውን ይተዋል። በአረንጓዴ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ «እንኳን አደረሳችሁ» አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊደሉ ዙሪያውን የጠጅ ቅሪት የፈሰሰበት ይመስላል። እንግሊዝኛው ትንሽ ቢደበዝዝም ይነበባል። የኛን «ለ» ከ«ሉ» የምትለየው ግን አንዲት ጭረት ናት። እሷ ከጠፋች ቃሉ ጠፋ። ስለዚህ ፊደሉን ተለቅ አድርጉት፤ ጨለማ ቀለም በብሩህ መደብ ላይ ጻፉ።

«ፎቶው ያው ፎቶው ነው፣ በማን በኩል ቢመጣ»

የአክስቴን ልጅ ጉድ ያፈላው ይሄ ነው። ፎቶው የሄደበትን መንገድ ጠየቅኳት። ካነሳችው በኋላ በቴሌግራም ለታናሽ ወንድሟ ትልካለች። እሱ ስክሪንሹት ያደርገዋል (ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም)። ከዚያ ዋጋና ስልክ ቁጥር ይጽፍበትና በቴሌግራም ይመልስላታል። እሷ ኢንስታግራም ላይ ትለጥፋለች። ቁጠሩት፤ ቢያንስ አራት ቦታ ተጨምቋል ወይም ተቆርጧል። ፎቶን ከፍቶ ማየት አይጎዳውም፣ መቶ ጊዜ ክፈቱት። በተለመደው የፎቶ አላላክ በላኩትና ነካክተው እንደገና ባስቀመጡት ቁጥር ግን ከላዩ ይላጣል።

ወንድሟ ፎቶው መደብዘዙን አይቷል። ስለዚህ «ኤችዲ የሚያደርግ» መተግበሪያ ውስጥ ከቶታል። እነዚህ መተግበሪያዎች የጠፋውን መልሰው አያመጡም። ሳይኖር አይቀርም ያሉትን ይስላሉ። ጥለቱን አስፍቼ አየሁት፤ ከመስቀሉ መሀል የነበረው ትንሽ ዳይመንድ አበባ ሆኗል። ደንበኛዋ ያዘዘችው አበባውን ነበር።

«እንግዲያው ሁሉንም በፋይል ልላከው»

ለወንድሟ ስትልክ፣ አዎ። ቴሌግራም ላይ «ፋይል» ብላችሁ፣ ዋትስአፕ ላይ «ዶክመንት» ብላችሁ ከላካችሁ ሳይነካ ይደርሳል። ለማታውቁት ሰው ግን ቆም በሉ። ስልካችሁ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት፣ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይጽፋል፤ በፋይል ሲላክም አብሮ ሊሄድ ይችላል። በተለመደው የፎቶ አላላክ ቴሌግራም ያንን መረጃ ያስቀረዋል።

ይሄን ስነግራት ሳቀች። «ሱቄን ቢያገኙት ምን ገዶኝ!» አለች። ልብሶቹን የምታነሳው ግን ሱቅ ውስጥ አይደለም። መስኮቱ ጥሩ ብርሃን አለው ብላ እቤቷ፣ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ነው። ስልኩን ነጥቃኝ የካሜራውን ሴቲንግ መፈለግ ጀመረች።