የኢፍላ ሪፖዚተሪ፦ ምን አለው፣ እንዴትስ ይጠቀሙበታል?

ኢፍላ እየተባለ በአጭሩ የሚጠራው ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን ያሳተማቸውን ሰነዶች ለሁሉም ክፍት አድርጎ የሚያስቀምጥበት ዲጂታል ማኅደር የኢፍላ ሪፖዚተሪ ይባላል። ለማንበብም ለማውረድም አካውንት አይጠይቅም፣ ክፍያ የለውም፣ አባል መሆንም አያስፈልግም። በብዛት ያሉት ስታንዳርዶች፣ መመሪያዎች፣ የአቋም መግለጫዎች፣ ሪፖርቶችና የጉባኤ ጽሑፎች ናቸው። ማንም ሰው መመረቂያ ጽሑፉን የሚጭንበት ቦታ ግን አይደለም፣ የሚገባው የኢፍላና የክፍሎቹ ሥራ ነው።

ኢፍላ እ.ኤ.አ. በ1927 ኤዲንብራ ላይ ተመሠረተ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሄግ ነው፣ ከዛ በኋላ ያሉት ብዙ አሥርት ዓመታት በወረቀት ያለፉ ናቸው። ዲጂታሉ ታሪክ በደንብ የሚታየው ከ2013 ወዲህ ነው፣ የዛ ዓመት ሲንጋፖር ላይ በተካሄደው የኢፍላ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረቡ ጽሑፎች ኢፍላ ላይብረሪ በሚባለው የመጀመሪያው ማኅደር ላይ ወጡ፣ ቀጥሎ ሊዮን፣ ኬፕታውን፣ ኮሎምበስ፣ ቭሮትስዋፍ፣ ኳላ ላምፑር እያለ እስከ 2019ኙ አቴንስ ድረስ ዘለቀ፣ የ2020ው በኮቪድ ምክንያት ቀረና ደብሊን ጉባኤውን ያስተናገደችው በ2022 ሆነ። ያ የመጀመሪያው ማኅደር ኢፕሪንትስ በሚባል ሶፍትዌር ነበር የሚሠራው፣ አሁን ያለው ሪፖዚተሪ ደግሞ ኤምአይቲና ኤችፒ በ2002 ባወጡት ዲስፔስ በሚባል ሶፍትዌር ላይ ነው። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ስለ ክፍት ዕውቀት የሚሟገት ማኅበር ደግሞ እንዲህ ማድረጉ ያስመሰግነዋል።

ዲስፔስ ሁሉንም ነገር በኮሚኒቲ (ክፍል)፣ በኮሌክሽን (ስብስብ) እና በአይተም (አንድ ሰነድ) ነው የሚያደራጀው፣ ስለዚህ አንድ ሰነድ ስታገኙ ገጹ አናት ላይ የተጻፈውን መንገድ ወደ ኋላ ብትከተሉ የዛኑ ክፍል ሌሎች ሥራዎች ታገኛላችሁ፣ ከሰርች ይልቅ ይሄ ብዙ ጊዜ የተሻለ ያመጣል። ሰርች ላይ በደራሲ፣ በርዕሰ ጉዳይና በዓመት ማጣራት ይቻላል። ዲስፔስ ፒዲኤፍ ውስጥ ያለውን ጽሑፍም አውጥቶ ኢንዴክስ ማድረግ ይችላል፣ ግን ፋይሉ በፎቶ መልክ ስካን የተደረገ ብቻ ከሆነ ውስጡ ያለ ቃል በሰርች አይመጣም፣ በርዕሱ ነው መፈለግ።

ዋናው ነገር ሰው ዘሎ የሚያልፈው ገጽ ነው። ፒዲኤፉን አውርዶ ከመሄድ በፊት ሙሉውን ሜታዳታ፣ ማለትም ሰነዱን የሚገልጸውን መረጃ የሚያሳየውን ሊንክ መጫን ያስፈልጋል፣ እዛ ላይ ደብሊን ኮር በሚባለው የሰነድ መግለጫ ስታንዳርድ አጻጻፍ የተደረደሩ መስኮች አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ቀን የሚሉት ከአንድ በላይ ናቸው። አክሰሽንድ የሚለው ሰነዱ ሪፖዚተሪው ውስጥ የገባበት ቀን ነው፣ ኢሹድ የሚለው ደግሞ የታተመበት። በ1998 የወጣ ሰነድ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ሊገባ ይችላል፣ አክሰሽንድ የሚለውን ቀን ገልብጦ የጠቀሰ ተማሪ ያረጀውን ሥራ አዲስ አስመስሎ ያቀርባል ማለት ነው።

የዕትም ነገርም እንዲሁ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ በዩኔስኮ በ1949 ወጣ፣ በ1972 ተሻሻለ፣ በ1994 ከኢፍላ ጋር እንደገና ተዘጋጀ፣ የመጨረሻው የ2022ቱ ነው፣ እስካሁን ግን የ1994ቱን እንደ ወቅታዊ አድርጎ የሚጠቅስ ሞልቷል። ካታሎግ ላይ የሚሠሩ ሰዎችም ኤፍአርቢአር የሚባለውን የ1998ቱን የካታሎግ መዝገብ ሞዴል ሲያወርዱ ይታያል፣ እሱን ከሁለት ተከታዮቹ ጋር አዋህዶ የተካው ኤልአርኤም በ2017 ወጥቷል። አሮጌው መኖሩ ጥፋት አይደለም፣ ማኅደር ነውና።

ላይሰንስን በተመለከተ የጉባኤ ጽሑፎቹ በአብዛኛው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ሲሲ ባይ ነው የወጡት፣ ምንጩን ጠቅሶ መተርጎምም ማባዛትም ይፈቀዳል። ስለ ሌሎቹ እያንዳንዱን ገጽ ማየት ነው፣ በነፃ የሚነበብ ሁሉ በነፃ የሚተረጎም አይደለም።

ጥራቱ ላይ ክርክር አለ። የጉባኤ ጽሑፎች በአብዛኛው በአጭር ማጠቃለያ ተመርጠው የሚገቡ ስለሆኑ እንደ ጆርናል አርቲክል ተገምግመዋል ማለት አይቻልም የሚሉ አሉ፣ ምናልባትም ልክ ናቸው፣ ግን አንድ ላይብረሪያን ሥራው ላይ የገጠመውን በስምንት ገጽ የጻፈበት ጽሑፍ የትኛውም ጆርናል ላይ የማይገኝ ነገር ይዟል፣ ይሄ አያከራክርም።

ስትጠቅሱ ከብራውዘሩ አድራሻ ላይ ሳይሆን ሃንድል የሚባለውን ቋሚ ሊንክ ነው መገልበጥ። አንዳንድ የማጣቀሻ ዝርዝር ላይ ከሃንድል ቀጥሎ 123456789 የሚል ቁጥር ያለበት የኢፍላ ሊንክ ታገኛላችሁ፣ እሱ ዲስፔስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው መነሻ ቁጥር ነው፣ በኋላ በ20.500.14598 ተተክቷል። አሮጌው ሊንክ አልከፍት ካለ ርዕሱን ሪፖዚተሪው ላይ ፈልጋችሁ አዲሱን ውሰዱ።