ራሱን የቻለ የልዕለ ጀግና ግራፊክ ልብወለድ ምንድን ነው?

ራሱን የቻለ ግራፊክ ልብወለድ የሚባለው፣ ቀዳሚም ሆነ ተከታይ ቅጽ ሳያስፈልገው በአንድ ጥራዝ ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ የሥዕል ታሪክ ነው። ትርጉሙ ቀላል ይምሰል እንጂ በልዕለ ጀግኖች ዓለም «ማለቅ» እንግዳ ነገር ነው። ሱፐርማን በ1938፣ ባትማን በ1939 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለኅትመት ከበቁ ወዲህ ታሪካቸው ሲቀጣጠል ኖሯል፤ ጠላት ይታሰራል፣ ያመልጣል፣ የሞተው ሳይቀር ይመለሳል። ገጸ ባሕርዩ የአሳታሚው የዘወትር ገበያ ስለሆነ፣ ደራሲው ሊያስረጀው ወይም ሊገድለው ቢፈልግ በቀላሉ አይፈቀድለትም። ራሱን የቻለው ጥራዝ ይህን ቀንበር ያነሣለታል።

ለእንዲህ ዓይነቶቹ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው «ጨለማ» የሚለው ቅጽል የመጣውም ከዚሁ ነፃነት ጋር ነው። በ1986 ደራሲና ሠዓሊው ፍራንክ ሚለር «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ» በተሰኘው ሥራው ባትማንን የሃምሳ አምስት ዓመት ጡረተኛ አድርጎ አቀረበው፤ በዚያው ዓመት ደራሲው አለን ሙርና ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ «ዎችመን»ን በአሥራ ሁለት ክፍል ማውጣት ጀመሩ። በጥብቅ ከተመዘነ ሁለቱም መጀመሪያ በክፍል በክፍል ታትመው ኋላ የተጠረዙ ናቸው፤ ቢሆንም መቋጫቸው ከመነሻው ታስቦበታልና እኔ ከዚሁ ወገን እቆጥራቸዋለሁ።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ መሔስ ላይ ግን አብዛኞቻችን እንሰንፋለን። ታሪኩን በአራት አንቀጽ እንተርክና «ሥዕሉም ያምራል» ብለን እንዘጋለን፤ ሥዕሉ ግን ጌጥ ሳይሆን ተራኪው ራሱ ነው። ይህን በደንብ የተረዳሁት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ የዓሣ ሾርባ እየጠጣን ከጓደኞቼ ጋር ባትማንና ቀንደኛ ጠላቱ ጆከር ስለሚፋጠጡበት፣ በ1988 ስለታተመው የአለን ሙር «ዘ ኪሊንግ ጆክ» ስንከራከር ነው። አንዱ «ቀለሙ ይጮኻል፣ ዓይን ይወጋል» ሲል፣ ሌላዋ «የቱ ቀለም? መጽሐፉ እኮ ቀዝቃዛ ነው» አለችው። ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ክርክሩ በሣቅ ተቋጨ፤ እሱ ያነበበው ጆን ሂጊንስ የቀባውን የመጀመሪያውን ኅትመት፣ እሷ ደግሞ ሠዓሊው ብራያን ቦላንድ ራሱ በ2008 እንደገና የቀባውን ነበር። በኋለኛው ኅትመት የጆከር የትዝታ ገጾች ግራጫ ናቸው፤ በግራጫው መሐል እዚህም እዚያም አንዳንድ ነገር ብቻ ይቀላል፤ ትዝታው ጆከር የዛሬውን መልክ ወዳገኘበት አደጋ በቀረበ ቁጥር ቅላቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ቃሉ ሳይነካ፣ ቀለሙ የአንባቢውን ፍርሃት ሌላ አደረገው። ስለዚህ የትኛውን ኅትመት እንዳነበበ የማይናገር ሐያሲ ግማሹን ሳይናገር ቀርቷል እላለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጨለማው በማን ላይ እንደወደቀ ነው። በዚሁ መጽሐፍ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ልጅ ባርባራ ጎርደን በሯን ስትከፍት በጥይት ትመታለች፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ የአባቷና የባትማን ስቃይ ይሆንና እሷ የሁለት ወንዶች ሕመም ማስረጃ ብቻ ሆና ትቀራለች። ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ይህ በእኔ ግምት የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ነው። አስገራሚው ነገር፣ ራሱን የቻለ የተባለው ታሪክ ወደ ተከታታዩ ዘልቆ መግባቱ ነው፤ ባርባራ በተከታታዮቹ ውስጥ እስከ 2011 ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ኖራለች፤ ያውም «ኦራክል» በሚል ስም፣ መጽሐፉ የነፈጋትን ሥራና ድምፅ አግኝታ።

የመጨረሻው መመዘኛ መቋጫው ነው፤ የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ዋጋ ያለው ማለቁ ላይ ስለሆነ፣ አንባቢን አስጠንቅቆም ቢሆን መጨረሻውን መንካት ግድ ይላል። በ«ዘ ኪሊንግ ጆክ» ጆከር ቀልድ ይነግረዋል፣ ባትማን ይስቃል፣ እጁን ወደ እሱ ይዘረጋል። ከዚያ ሥዕሉ ከፊታቸው ወደ እግራቸው፣ ከእግራቸው ወደ ረጠበው መሬት ይወርዳል፤ ሣቁ ይቋረጣል፤ የሚቀረው በመጀመሪያው ገጽ ያየነው፣ ኩሬ ላይ የሚያርፈው የዝናብ ጠብታ ብቻ ነው። ባትማን ጆከርን ገደለው ወይስ አብሮት ሣቀ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በወርኃዊው ተከታታይ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው አንድ ወር እንኳ ባልቆየ፤ ጆከር በሚቀጥለው እትም ብቅ ይላልና።