እውነተኛው የኳንተም ዶት ስክሪን እንዴት ይመረታል?

ሱቅ ውስጥ «ኪው ኤል ኢ ዲ» ተብሎ የሚሸጠው ቴሌቪዥን በአብዛኛው ኤልሲዲ ነው። ከኋላው ሰማያዊ መብራት አለ፤ ኳንተም ዶት ያለበት ስስ ፊልም ደግሞ የዚያን ብርሃን ከፊሉን ወደ ቀይና አረንጓዴ ይቀይረዋል። በቃ። እውነተኛው የሚባለው ግን ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ኳንተም ዶቱ ራሱ የሚያበራበት ነው፤ እሱ ገና ከናሙና ብዙም አላለፈም።

ኳንተም ዶት በጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) የሚለካ የሰሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ፣ ቅንጣት ነው። ከአንድ ዓይነት ቁስ ቢሠራም ተለቅ ያለው ቀይ፣ አነስ ያለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። ስለዚህ መጠናቸው ከተዘበራረቀ ቀለሙም አይጠራም። መፍትሔውን በ1993 እ.ኤ.አ. ያመጣው የሙንጊ ባዌንዲ ቡድን ነው፦ ኬሚካሎቹን በጋለ ፈሳሽ ውስጥ በአንዴ መርጨት፣ ቅንጣቶቹ እኩል እንዲጀምሩ ማድረግ፣ ከዚያ ሙቀቱን እየተቆጣጠሩ ማሳደግ። ባዌንዲ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሉዊስ ብሩስና ከአሌክሲ ኤኪሞቭ ጋር ተካፍሏል። በካድሚየም የሚሠራው ጥራቱ ጥሩ ቢሆንም መርዛማ ስለሆነና የአውሮፓ ኅብረትም ስለሚገድበው፣ አምራቾች ካድሚየም ወደሌለው ኢንዲየም ፎስፋይድ ዞረዋል።

ቀጥሎ መደርደር ነው። ኳንተም ዶቱ መሐል ይሆናል። ከአንዱ ወገን ኤሌክትሮን፣ ከሌላው ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚያደርሱ ሽፋኖች አሉ፤ ሁለቱ መሐል ላይ ሲገናኙ ብርሃን ይወጣል። ሽፋኖቹ በፈሳሽ መልክ ስለሚቀቡ፣ አዲሱ የታችኛውን እንዳያሟሟው ፈሳሹን መምረጥ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ፈሳሹን ጠብ አድርጎ መስታወቱን በፍጥነት ማሽከርከር ይበቃል። ቴሌቪዥን ላይ ግን ሦስቱ ቀለማት ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው፣ ማሽከርከር ደግሞ አብዛኛውን ውድ ፈሳሽ ይበትነዋል። ለዚህ ነው ኢንክጄት፣ ማለትም እንደ ወረቀት ማተሚያ ፈሳሹን በጠብታ እያስቀመጠ የሚያትመው ዘዴ፣ የተመረጠው። እሱም ጣጣ አለው፤ ጠብታው ሲደርቅ ልክ ጠረጴዛ ላይ እንደፈሰሰ ቡና ጠርዙ ላይ ይከማቻል። እንዲያም ሆኖ የቻይናው ስክሪን አምራች ቢኦኢ በ2020 በዚህ መንገድ የታተመ ባለ 55 ኢንች ስክሪን አሳይቷል።

ትልቁ እንቅፋት ሰማያዊው ነው። ፖዘቲቭ ቻርጁ እንደልብ ስለማይገባለት ኤሌክትሮን ይበዛበታል፣ ዕድሜውም ከቀይና ከአረንጓዴው በጣም ያጥራል። ሳምሰንግ በ2022 ገበያ ላይ የዋለውን ኪውዲ ኦሌድ ሲሠራ ይህን ጣጣ በዘዴ ነው የሸሸው፤ ሰማያዊውን ለኦሌድ (ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ራሱ ለሚያበራ ኦርጋኒክ ቁስ) ትቶ፣ ቀይና አረንጓዴውን ብቻ ያንን ሰማያዊ ብርሃን በላዩ በታተመ ኳንተም ዶት በመቀየር ያገኛል።