ልዩ ቅርጽ ያላቸው ቤዝ ጊታሮችና የተጫዋቹ ምቾት

ልዩ ቅርጽ ያለው ቤዝ ጊታር የሚባለው ከተለመደው ባለሁለት ቀንድ (ከአንገቱ ግራና ቀኝ ሾልከው የሚወጡ ጫፎች ያሉት) አካል ወጣ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ተጫዋች ትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ለሁሉም መለኪያ ሆኖ የቀረው አሜሪካዊው መሣሪያ ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ሲሆን፣ የእሱም ጠርዝ ለክንድና ለጎን እንዲመች የተሞረደው በ1954 ነበር። ከዚያ ወዲህ የቫዮሊን፣ የቪ ፊደልና የመጥረቢያ ቅርጽ ያላቸውም ተሠርተዋል።

የምቾት ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ክብደትን ያስቀድማል። አንድ ቤዝ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና (ቀልዱ ለሰፈሩ ልጆች ይቆይ) ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ዋናው ግን ሚዛን ነው። ማንገቻው የሚታሰርበት የላይኛው ቀንድ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች አንዱ) አካባቢ ከደረሰ መሣሪያው ደረት ላይ ይረጋል። ቀንዱ ካጠረ ወይም ጨርሶ ከሌለ አንገቱ ወደ መሬት ያዘነብላል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ቆሞ፣ መሣሪያውን አንግቶ፣ ግራ እጅን መልቀቅ። አንገቱ ከወረደ ግራ እጅ ክር ከመጫን ሌላ የተሸካሚነት ሥራ ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ አውራ ጣት ይደነዝዛል፣ የእጅ አንጓም ይደክማል። ውስጡ ሻካራ የሆነ ሰፊ የቆዳ ማንገቻ ልብስ ይዞ መንሸራተቱን ይቀንሳል እንጂ ሚዛኑን አያስተካክልም። ቁርጥ ያለውን መፍትሔ ያመጣው የመሣሪያ ንድፍ ባለሙያው ኔድ ስታይንበርገር ነው፤ የአንገቱን ራስ አስወግዶ የክር መወጠሪያዎቹን ወደ አካሉ ግርጌ አወረዳቸው።

በመሃል አዲስ አበባ ጉዳዩ የሰዓት ጉዳይም ነው። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ወደ ሆቴል ሙዚቃ የገባ ታዳሚ እስኪነጋ ስለማይወጣ፣ እንደ ሒልተኑ ዋልያስ ባንድ ያሉ ቡድኖች ሌሊቱን ይዘልቁ ነበር። የአይቤክስና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ካለበት ከዚያ ትውልድ የሚስተካከል ጽናት ያለው ቤዝ ጊታሪስት ማግኘት ቀላል አይደለም። በ6/8 የሚሄደው ችክችካ ፋታ አይሰጥም፤ ቀኝ ክንድ ጠርዙ ላይ ተደግፎ ያንኑ ሐረግ ለደቂቃዎች ሲመላለስበት፣ ጠርዙ ያልተሞረደ ባለማዕዘን አካል ክንድ ላይ ሰንበር ያወጣል።

የግራ እጅ ድካም ደግሞ ከክሩ ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው። በአምባሰል ቅኝት ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ድምፅ የ4 ፍሬት ዝላይ አለ። ይህ በአንድ ክር ላይ ከ1ኛው ወደ 5ኛው ፍሬት ሲሆን፣ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች በሆነ ቤዝ 16.8 ሳንቲ ሜትር፣ 30 ኢንች በሆነ ደግሞ 14.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በልክ የሚያሠራ ሰው ከቅርጹ በፊት የክሩን ርዝመት ቢወስን ይሻላል።

ተቀምጦ ለመለማመድ የቪ ቅርጹ እንደማይመች ይነገራል፤ ከጭን ላይ ይንሸራተታልና። የታችኛውን ክንፍ በሁለት ጭን መካከል ያስገባ ተጫዋች ግን አንገቱ ወደ ላይ ይቀናለታል፣ የግራ እጁም አንጓ ሳይታጠፍ ይጫወታል።