የቤኒን ጉድባ፦ ድንጋይ ያልነካው ምሽግ

ቤኒን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት በዚህ ስም የምትጠራው አገር ናት። ይህ ግን ናይጄሪያ ውስጥ ስላለችው ቤኒን ሲቲ ነው፣ የኤዶ ሕዝብ የነገሥታት ከተማ። ከተማዋን የከበበው ጥንታዊ ምሽግ ድንጋይም ኖራም አልገባበትም። አፈር ብቻ ነው። ኤዶዎች «ኢያ» ይሉታል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ለማስረዳት ቀላል፣ ለመሥራት ግን ወገብ የሚቆርጥ ነው። ጥልቅ ጉድባ ይቆፈራል፤ የወጣው ቀይ አፈር በከተማው በኩል ይከመራል። በአንድ ቁፋሮ ሁለት መከላከያ ተገኘ ማለት ነው። ከጉድባው ወለል እስከ ክምሩ ጫፍ ከ17 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቦታ ነበረ፤ አምስት ፎቅ ያህል ነው። ጦር ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ሽቅብ ይወጣል። ዝናብ ከጣለማ አያድርስ ነው።

የኤዶ ትውፊት የመጀመሪያውን ጉድባ ያስቆፈረው በ13ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ኦባ ኦጉኦላ ነው ይላል። ኦባ ማለት ንጉሥ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ኦባ ኤዉዋሬ ከተማዋን በአዲስ መልክ ሲሠራ ዙሪያዋን አጠናከረ። የከተማው ቅጥር ብቻውን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማው ውጭ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮችን የሚከልል የጉድባ መረብ አለ። ስለዚህ አንዳንዱ ኢያ ከጦር መከላከያነቱ ይልቅ የመንደር ድንበር ነበር ቢባል ይሻላል። የመረቡ ጠቅላላ ርዝመት እስከ 16,000 ኪሎ ሜትር ተገምቷል። በ1974 የጊነስ መዝገብ ከማሽን ዘመን በፊት ከተሠሩ የአፈር ሥራዎች ትልቁ ብሎታል።

በ1897 የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን ይዞ ቤተ መንግሥቱን ዘረፈ። በየሙዚየሙ ስለተበተኑት የነሐስ ቅርሶች እስከ ዛሬ ይወራል። የጉድባው ወሬ ግን እምብዛም ነው። ናይጄሪያ የከተማዋን ቅጥር በ1961 ብሔራዊ ቅርስ አድርጋዋለች፤ ከ1995 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ አለ።

ችግሩ ጉድባ ቅርስ አለመምሰሉ ነው። የፈረሰ ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ቆም ይላል፤ ጉድጓድ ያየ ሰው ቆሻሻ ይጥልበታል። ከተማዋ ስትሰፋ መንገዱም ቤቱም በላዩ አለፈ። ክምሩ ደግሞ ለግንባታ የሚሆን አፈር ስለሆነ ይዛቃል። ደህና የተረፈው ከከተማ ርቆ ያለው ነው። እዚያ ዛፍና ቁጥቋጦ በቅሎበታል፤ አፈሩን ከጎርፍ ይዞ ያቆየው የእነሱ ሥር ነው።