ሳረንስት ምንድን ነው?

ነሐሴ ላይ ፋሲል ግቢ የገባ ሰው የግንቡን ጥግ አረንጓዴ ለብሶ ያገኘዋል። በጥር ለጥምቀት የመጣ እንግዳ ደግሞ ያንኑ ጥግ ቡናማና ደረቅ ሆኖ ነው የሚያየው። በድንጋዮቹ መሀል ኖራው ላይ ተለጥፎ ሲነኩት የሚለሰልሰው ያ ነገር ሳረንስት ይባላል። ብዙው ሰው «ሻጋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። እንደ ጤፍ፣ እንደ ዋርካ፣ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ተክል ነው።

ከዋርካው የሚለየው በቧንቧ ነው። ዋርካ ከሥሩ የሳበውን ውሃ ግንዱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች እስከ ጫፍ ቅጠሉ ያደርሳል። ሳረንስት እንዲህ ያለ መስመር አልተዘረጋለትም። ሥር እንኳ የለውም፤ ሥር የሚመስሉት ክሮች ሥራቸው ድንጋዩን ቆንጥጦ መያዝ ነው። ውሃውን የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉም ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ውሃ ሽቅብ ካልወጣ ደግሞ ፎቅ አይሠራም፤ ስለዚህ አብዛኛው ሳረንስት ከጣት አይረዝምም።

ያለ ውሃ መራባትም አይሆንለትም። የወንዱ ሕዋስ ሴቷ ዘንድ የሚደርሰው እርጥበት ውስጥ ዋኝቶ ነው። አበባ የለ፣ ዘር የለ። ሲሳካለት ቀጭን ዘንግ ያበቅላል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ከረጢት ስትከፈት ስፖር የሚባለውን ብናኝ ነፋስ ይወስደዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን በጋውን የሚያልፍበት መንገድ ነው። አንድ መጋቢት ከግቢያችን የድንጋይ አጥር ጭብጥ የማይሞላ ደረቅ ሳረንስት ፈንቅዬ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖርኩትና ውሃ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። እጥፍጥፍ ያለው ቅጠል ጀበናው ሳይፈላ ተዘረጋ፤ አረንጓዴም ሆነ። እናቴ አጎንብሳ አየችውና «ይኼ ነገር ሞቶ አልነበር እንዴ?» አለች። አልሞተም፣ ሥራ አቁሞ ነበር። (እናንተም ሞክሩት፤ ግን ከራሳችሁ አጥር። ግንቡ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ አትንኩት።)

ስፋግነም የሚባለው የረግረግ ዘመዱ በደረቁ ከሚመዝነው 20 እጥፍ ገደማ ውሃ ይይዛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥጥ ሲጠፋ ቁስል ይታሸግበት ነበር። ሊቨርዎርትና ሆርንዎርት የሚባሉ ቱቦ አልባ ዘመዶችም አሉት።

ከሳረንስቱ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ቀለም የፈሰሰ የሚመስለው ግራጫ ልጥፍ ግን ዘመዱ አይደለም። እሱ ላይከን ነው፤ ፈንገስና ዋቅላሚ (አልጌ የሚባለው፣ በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ደቃቅ ፍጥረት) በአንድ ጎጆ የሚኖሩበት።